መንገዱን የሚሥሉ ሰዎች

ካሳንድር በሚል የሙያ ስሙ የሚታወቀው አዶልፍ ሙሮን እ.ኤ.አ. በ1927 «ኤቷል ዱ ኖር» የተሰኘውን ፖስተር ሠራ። ሥራው ከፓሪስ ወደ አምስተርዳም የሚሄደውን ባቡር ለማስተዋወቅ የታዘዘ ቢሆንም ባቡሩም አምስተርዳምም አይታዩበትም። የሚታየው ሐዲድ ነው፤ ከሥዕሉ ግርጌ የተነሡት መስመሮች እየጠበቡ ሄደው አድማሱ ላይ ካለች አንዲት ኮከብ ሥር ይገናኛሉ። ሠዓሊው ለመንገደኛው ያቀረበለት መንገዱን ራሱን ነበር። ዛሬ በአውሮፓም ሆነ በሌላው ዓለም የንድፍ ደብተራቸውን ይዘው በባቡር፣ በብስክሌትና በእግር የሚጓዙ፣ ያዩትንም ለመጽሔትና ለመጽሐፍ የሚሥሉ ሠዓሊዎች አካባቢን የማይጎዳ ጉዞን አጥብቀው ሲደግፉ ብዙ ሰው ነገሩን እንደ ግል ፍቅራቸው ብቻ ያየዋል። የሥራቸው ጥቅም ግን ከዚያ ይሰፋል። የጉዞ ልማዳችን የሚለወጠው መንገዱ ራሱ ሲያጓጓን ነው፤ ይህን ጉጉት በመፍጠር ረገድ ደግሞ ሠዓሊን የሚስተካከል ባለሙያ አላይም።

ጉዳዩ ለምን እንደሚያሳስብ ቁጥሮቹ ይናገራሉ። የብሪታንያ መንግሥት በሚጠቀምበት ስሌት አንድ መንገደኛ በአገር ውስጥ በረራ ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ወደ 250 ግራም የሚጠጋ በካይ ጋዝ ድርሻ ይኖረዋል፤ በባቡር ሲሄድ ግን 35 ግራም ገደማ ነው። ከለንደን ፓሪስ በባሕር ሥር የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ባቡር ደግሞ ከዚህም እጅግ ያነሰ ነው። በአየር ወደ ሩቅ አገር ለሄደ ጎብኚ ከጠቅላላው ብክለት ትልቁን ድርሻ የሚይዘው መሄድና መመለሱ ስለሆነ፣ ሦስት ጊዜ ለሦስት ሦስት ቀን ከመብረር አንድ ጊዜ ሄዶ መሰንበት በእጅጉ ይሻላል። የሠዓሊው ሙያ ከዚህ ስሌት ጋር የሚስማማው በባሕርይው ነው። ፎቶግራፍ በቅጽበት ይነሣል፤ አንድን አደባባይ በእርሳስ ለመንደፍ ግን ቁጭ ብሎ መቆየት፣ ጥላው ሲዞር ማየት፣ ሻይ ማዘዝ፣ «ምን እየሠራህ ነው?» ለሚል አላፊ አግዳሚ መልስ መስጠት ያስፈልጋል። ጋብሪኤል ካምፓናርዮ የተባለው የሲያትል ጋዜጣ ሠዓሊ በ2007 የመሠረተው «ኧርባን ስኬቸርስ» የተባለ ማኅበር ዛሬ በብዙ አገሮች አባላት አሉት። ዋና ደንቡ በቦታው ተገኝቶ፣ በዓይን እያዩ መሣል ነው፤ ማኅበሩ የራስን ሰፈር መሣልንም ከሩቅ አገር ጉዞ እኩል ያከብራል። አካባቢን ላለመጉዳት ሲባል ከሚቀርቡ ምክሮች ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል፣ ምክንያቱም ሳይበርሩ መደነቅ እንደሚቻል በሥራ ያሳያል።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል፦ ሥዕል ያሳምራል፣ ሲያሳምርም ይዋሻል። ታሪኩ ለተቃዋሚው ይመሰክርለታል። እንግሊዛዊው ጆን ሃሳል በ1908 ለባቡር ኩባንያ በሠራው ዝነኛ ፖስተር ላይ አንድ ወፍራም ዓሣ አጥማጅ በስኬግነስ ባሕር ዳርቻ በደስታ ሲዘል ይታያል። ሥዕሉ ከተማይቱን በመላ አገሪቱ አስጠራት፤ ሃሳል ግን ስኬግነስን በዓይኑ ያየው በ1936 ነው፣ ከ28 ዓመት በኋላ። በአንጻሩ ፓሪስን ከሊዮንና ከሜዲትራኒያን ጋር ያገናኝ የነበረው የባቡር ኩባንያ ሠዓሊውን ሮዤ ብሮደርን የአልፕስ ተራሮችንና የደቡቡን ባሕር ዳርቻ እንዲያይ ወጪውን ችሎ ይልከው ነበር፤ በ1920ዎቹ የሠራቸው ፖስተሮች የተራራውን ቅርጽና የብርሃኑን ጠባይ የያዙት ስላየው ነው። ስለዚህ ተቃውሞው ልክ የሚሆነው ሳይሄድ በሚሥል ሠዓሊ ላይ ነው። በባቡር ሄዶ፣ መሸጋገሪያ ጣቢያ ላይ ለሰዓታት ጠብቆ፣ ያንንም የመጠበቂያ ወንበር የሣለ ሠዓሊ ለአንባቢው ቃል የሚገባው ራሱ ያሳለፈውን ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል። ጉጉት ትኬት አይገዛም፤ ሰው የሚወስነው በዋጋና በሰዓት ነው ይባላል። እውነት አለው። በ2021 መጨረሻ ከቪየና ፓሪስ የሌሊት ባቡር እንደገና ሲጀመር ተሳፋሪ አላጣም ነበር፤ ሆኖም ፈረንሳይ ድጎማዋን ስታቆም በ2025 መጨረሻ አገልግሎቱ ተቋረጠ። በአውሮፓ ኅብረት የንግድ አውሮፕላኖች ነዳጅ በአብዛኛው ከቀረጥ ነፃ መሆኑም ሚዛኑን ያዛባል። ፈረንሳይ በ2023 በባቡር ከሁለት ሰዓት ተኩል በታች ወደሚደረስባቸው ከተሞች የሚደረጉ አጫጭር በረራዎችን በሕግ ስትከለክል የተነኩት ከፓሪስ ኦርሊ የሚነሡ ሦስት መስመሮች ብቻ ነበሩ። ይሁን እንጂ ድጎማም ሆነ ሕግ የሚመጣው የሚፈልገው ሕዝብ ሲኖር ነው። ማንም የማይናፍቀውን ባቡር የሚደጉም ምክር ቤት የለም። በስዊድን በ2019 የአውሮፕላን መንገደኛ ሲቀንስ ብዙዎች ውጤቱን በመብረር ለሚሰማ ሐፍረት ሰጡት፤ በዚያው ወቅት ግን የባቡሩ መንገደኛ እየጨመረ ነበር። ወቀሳው ሰዎቹን ከአውሮፕላን ቢያስወርዳቸው እንኳ ባቡር ላይ የሚያቆያቸው በመንገዱ የሚያገኙት ደስታ ነው።

ወቀሳ ቦታውን ሊስትም ይችላል። በ2018 ከዓለም ሕዝብ በአውሮፕላን የተጓዘው 11 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ በ2020 የወጣ ጥናት እንደሚገምተው ከመንገደኛ በረራ ብክለት ግማሽ ያህሉ የሚመጣው ከሕዝቡ 1 በመቶ ከሚሆኑት አዘውታሪ በራሪዎች ነው። በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ እናቷን ለማየት ከዋሽንግተን አዲስ አበባ የምትበር ሴት በባቡር ሂጂ አትባልም። ጥያቄው የሚመለከተው ቅዳሜና እሑድን ለማሳለፍ የሚበረውን ነው። ውብ ሥዕል ሕዝብ አግተልትሎ ቦታውን ያጨናንቃል ለሚሉትም ቬኒስ እውነተኛ ማስጠንቀቂያ ናት፤ ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ በተመረጡ ቀናት የቀን ጎብኚን የመግቢያ ክፍያ እስከማስከፈል ደርሳለች። መንገዱን የሚሥል ሠዓሊ ግን የሰውን ዓይን ከአንዱ አደባባይ አንሥቶ በመካከል ወዳሉት ትንንሽ ጣቢያዎችና መንደሮች ይበትነዋል።

ለእኛ አገር መንገዱን መሣል ሰፊ ሥራ ነው። «የ13 ወር ፀጋ» የሚለውን መፈክር ያወጡት ሀብተሥላሴ ታፈሰ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ኢትዮጵያን ለዓለም ሲያስተዋውቁ ፖስተሮቹ እንደ ላሊበላና ጎንደር ያሉ መዳረሻዎችን አጉልተው አሳዩ፤ በጊዜው የሚያስፈልገውም ያ ነበር። በመካከል ያለው መንገድ ግን እስካሁን ሠዓሊውን አላገኘም። በሰሜን ኢትዮጵያ፣ በመቄት፣ ገበሬዎች የራሳቸው ባደረጓቸው የእንግዳ ጎጆዎች እያደሩ፣ ጓዝን በአህያ ጭኖ በእግር የመጓዝ ልምድ ከሰሜኑ ጦርነት በፊት ለዓመታት ሠርቷል። በአዲስ አበባ ዳርቻ ካለው ከፉሪ ለቡ ጣቢያ ተነሥቶ በአዋሽና በሚኤሶ አድርጎ ድሬዳዋ የሚገባው ባቡር ደግሞ በኤሌክትሪክ ይሄዳል፤ ከአገሪቱ ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከውኃ ይመነጫል። አንድ የቱሪዝም ቢሮ ወይም መጽሔት ከአለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶችን ቀጥሮ ይህን መስመር ጣቢያ በጣቢያ ቢያስሥላቸው ወጪው ከአንድ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ የሚበልጥ አይመስለኝም። ድሬዳዋ ራሷ በ1902 ሐዲዱ ስለደረሰ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ የመጀመሪያው ሥዕል ከዚያ ጣቢያ ሊነሣ ይችላል።