የእባቡ ቤት ስንት ዲግሪ ይሁን?

በአሜሪካና በአውሮፓ እባብን እንደ ድመት ቤታቸው የሚያሳድጉ ብዙ ሰዎች አሉ። በጣም ከሚወደዱት አንዱ ደግሞ የኛው አህጉር ልጅ ነው፦ ቦል ፓይተን የሚባለው፣ ከሴኔጋል እስከ ዩጋንዳ ድረስ የሚገኝ፣ መርዝ የሌለው አነስተኛ ዘንዶ። ሲፈራ ጭንቅላቱን መሃል ደብቆ እንደ ኳስ ስለሚጠቀለል ነው እንዲህ የተባለው። ታዲያ ይህን የሞቃት አገር እንስሳ በረዶ በሚጥልበት ከተማ ሳጥን ውስጥ ስናኖረው ሳጥኑን በስንት ዲግሪ እናሙቀው? መልሱ አንድ ቁጥር አይደለም። ለምን እንደሆነ እስቲ እንይ።

ሙቀት ከውጭ የሚበደር አካል

የኛ ሰውነት ከምንበላው ምግብ ሙቀት እያመነጨ 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቆያል። እባብ ግን ሙቀቱን የሚያገኘው ከአካባቢው ነው፤ ፀሐይ ላይ ሲተኛ ይሞቃል፣ ጥላ ሲገባ ይቀዘቅዛል። ይህ ትልቅ ቁጠባ ነው፦ አንድ አዋቂ ቦል ፓይተን አንድ አይጥ ከበላ ለሳምንታት ይበቃዋል። ችግሩ የሚመጣው ሙቀት ሲጠፋ ነው። ምግብ የሚፈጩት ኢንዛይሞች ሲቀዘቅዙ ሥራቸው ስለሚንቀራፈፍ የበላው ሆዱ ውስጥ እንዳለ ይቀራል፤ ሊያስመልሰውም ይችላል። በሽታ የመከላከል አቅሙም ይዳከማል።

ስለዚህ እባቡ አንዳንዴ ሙቀት፣ አንዳንዴ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ ወዲያና ወዲህ እየተንቀሳቀሰ የሰውነቱን ሙቀት የሚያስተካክለው ራሱ ነው። ከኛ የሚጠበቀው ምርጫ መስጠት ነው። ለቦል ፓይተን አንዱ ጫፍ ከ31 እስከ 33 ዲግሪ፣ ሌላኛው ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ቢሆን ይስማማዋል። በሁለቱም ጫፍ መደበቂያ ያስፈልጋል። መደበቂያው ቀዝቃዛው ጫፍ ላይ ብቻ ከሆነ፣ ፈሪው እንስሳ መደበቁን መርጦ ሙቀቱን ሊያጣ ይችላል።

ስንት ዋት ይበቃል?

አሁን ትንሽ ስሌት እንሥራ። ርዝመቱ 90፣ ወርዱና ከፍታው 45 ሴንቲ ሜትር የሆነ የመስታወት ሳጥን ጠቅላላ የገጽ ስፋቱ 2 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። በነጠላ መስታወት አንድ ካሬ ሜትር በኩል፣ ለእያንዳንዱ የ1 ዲግሪ ልዩነት 5.5 ዋት ያህል ሙቀት ይወጣል። ክፍሉ 20 ዲግሪ ሆኖ የሳጥኑ አማካይ 28 እንዲሆን ከፈለግን ልዩነቱ 8 ነው፦

2 × 5.5 × 8 = 88 ዋት።

ሳጥኑ 1.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ካለው ኮምፔንሳቶ ቢሠራ 56 ዋት ገደማ ይበቃል፤ እንጨት ሙቀትን ከመስታወት የተሻለ ይይዛልና።

ታዲያ 88 ዋት ማሞቂያ ሰክተን እንተወው? እንዴ፣ በፍጹም! ይህ ማሞቂያ የሚጠብቀው የ8 ዲግሪውን ልዩነት እንጂ 28ን አይደለም። በበጋ ክፍሉ 30 ዲግሪ ሲደርስ ሳጥኑ ወደ 38 ይወጣል፣ ሞቃቱ ጫፍ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። እባቡ የሚሸሽበት ቀዝቃዛ ጥግ አይኖረውም፤ ሊሞት ይችላል።

እንደ ካውያው

የልብስ ካውያ መብራቷ በራ ጥፍት ስትል አይታችኋል? ውስጡ ያለው ቴርሞስታት ነው፤ ሲግል ያጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ ያበራል። የእባቡም ማሞቂያ ያለ ቴርሞስታት መሰካት የለበትም። በተለይ ከሥር የሚነጠፍ ማሞቂያ አደገኛ ነው። ቦል ፓይተን በከንፈሩ ዙሪያ ባሉት ጉድጓዶች የአይጥን የሰውነት ሙቀት ከርቀት ይለያል፤ የሚያቃጥል ወለል ላይ ሲተኛ ግን ቆዳው እስኪጎዳ ላይነሳ ይችላል። ከማሞቂያው በላይ የተነጠፈው አፈር ወይም የእንጨት ፍቅፋቂ ሲወፍር ደግሞ ሙቀቱ ከሥር ይታመቃል፤ ላዩን በእጅ ስትነኩት ለብ ያለ፣ ቆፍሮ ለሚገባው እባብ ግን የጋለ ይሆናል። ከላይ የሚሰቀል አምፖል ከሆነ እንዳይጠመጠምበት በሽቦ ወንፊት ይሸፈን።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ቴርሞስታት የሚያውቀው ሴንሰሩ ያለበትን ቦታ ሙቀት ብቻ ነው። እባቡ ገፍቶት ሴንሰሩ ቀዝቃዛው ጫፍ ወይም የውሃው ሳህን ውስጥ ቢወድቅ፣ ቴርሞስታቱ «ገና አልሞቀም» ብሎ ያለማቋረጥ ያግላል። ስለዚህ ሴንሰሩ ሞቃቱ ቦታ ላይ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰር፤ በሁለቱም ጫፍ ደግሞ ከቴርሞስታቱ ጋር ያልተያያዘ ቴርሞሜትር ይቀመጥ። ሁለቱ መሣሪያዎች ካልተስማሙ አንዱ ተሳስቷል ማለት ነው።

ሳጥኑን እባቡ ሳይገባበት በፊት ለጥቂት ቀናት አብርቶ፣ ቀንም ሌሊትም መለካት ጥሩ ነው። ከገባ በኋላ ራሱን እባቡን ተመልከቱ። ሁሌ ሞቃቱ ጫፍ ላይ ከተጣበቀ ሳጥኑ ቀዝቅዞበት፣ ከቀዝቃዛው ጫፍ አልነቃነቅ ካለ ደግሞ ሞቆበት ሊሆን ስለሚችል ቴርሞሜትሮቹን እዩ።