ፍሬን ስለ መጭመቅና ስለ መጣል

የሰው ልጅ ስለ ታላላቅ ጉዳዮች ሲያስብና ሲጨነቅ ይውላል፤ ጤናውን የሚያቆሙትን ወይም የሚያፈርሱትን ትናንሽ ልማዶች ግን ሳይመረምራቸው ያድራል። በተለይም እኛ የቢሮ ሠራተኞች ቀናችንን በወንበር ላይ የምንፈጽም ነን። ጧት በስኳር የጣፈጠ ሻይ፥ ረፋድ ላይ ሌላ ሻይ፥ ከቀትር በኋላም ድካም ሲጫነን አንድ ጠርሙስ ለስላሳ እንጠጣለን። ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ «ዛሬ ምን በላሁ፥ ምንስ ጠጣሁ?» ብሎ ራሱን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ በዛሬው ንግግራችን በየቤታችን ስለሚዘጋጀው የፍራፍሬ ጭማቂ ጥቂት ቃል እንናገራለን።

ለዚህ አሳብ መነሻ የሆነኝ በፎንቆ ያየሁት ነገር ነው። ፎንቆ በሐዲያ ምድር የአንሌሞ ወረዳ ከተማ ናት። ለሥራ ጉዳይ ወደዚያ ሄጄ በነበረ ጊዜ፥ ያረፍኩበት ቤት እመቤት ከጓሮአቸው የለቀሙትን አንድ ቅርጫት አቮካዶ ወደ ገበያ አውጥተው ሸጡ። ከዚያም በገንዘቡ ለእኔ ለእንግዳቸው ለስላሳ ገዝተው ተመለሱ። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው። ሆኖም እመቤቲቱ ይህን ያደረጉት በእንግዳ አክባሪነት ስለሆነ አይነቀፉም። ነቀፌታው የሚገባው፥ በጠርሙስ የታሸገ ሁሉ ከጓሮ ፍሬ ይበልጣል የሚለውን አስተያየት ከከተማ ይዘን ለሄድነው ለእኛ ነው።

እኔም ወደ ቤቴ እንደተመለስኩ ለስላሳውን ትቼ ጭማቂ በገዛ እጄ ለማዘጋጀት ቈረጥኩ። ዳሩ ግን ቅን አሳብ ያለ ዕውቀት ሩቅ አይራመድም። በየጧቱ አራት ብርቱካን ጨምቄ በወንፊት አጠልል ነበር፤ ሥጋውን ጥዬ፥ በጠራው ላይ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ጨምሬ እጠጣና ቁርሴን እንደበላሁ እቈጥር ነበር። ረፋድ ላይ ግን ራብ ይሞረሙረኛል። ከጥቂት ወራት በኋላ ሐኪም ደሜን መርምሮ የስኳሩ መጠን ከፍ ማለት መጀመሩን ነገረኝ። እኔም ተገርሜ «ለስላሳ ከተውኩ ቈየሁ፤ አሁን የምጠጣው ፍሬ ነው» ብዬ ብመልስለት፥ «እርስዎ ፍሬውን ጥለው ስኳሩን ነው የሚጠጡት» አለኝ።

ይህ አነጋገር ቀልድ ቢመስልም እውነተኛ ትምህርት አለበት። በአንድ መካከለኛ ብርቱካን ውስጥ 12 ግራም ያህል ስኳርና 3 ግራም ያህል አሰር፥ ማለት ሐኪሞች ፋይበር የሚሉት፥ ይገኛል። አሰሩ ሆድን ያጠግባል፤ ስኳሩም ወደ ደም በዝግታ እንዲገባ ያደርጋል። ፍሬው ተጨምቆ በተጠለለ ጊዜ ግን አሰሩ ከሞላ ጐደል ከወንፊቱ ላይ ይቀራል፤ ስኳሩ ብቻ ወደ ብርጭቆው ይወርዳል። አራት ብርቱካን ተቀምጦ ልጦ ለመብላት ጊዜም ትዕግሥትም ይጠይቃል፤ የአራቱን ጭማቂ ለመጠጣት ግን ጥቂት ጉንጭ ይበቃል። 250 ሚሊ ሊትር በሚይዝ አንድ ብርጭቆ የብርቱካን ጭማቂ ውስጥ ከ20 ግራም የማያንስ ስኳር አለ። በዚህ ላይ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር፥ ማለት 12 ግራም ያህል፥ ሲጨመርበት፥ 300 ሚሊ ሊትር ከሚይዝ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ጋር ይስተካከላል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፥ በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመረው ስኳር፥ በማርና በፍራፍሬ ጭማቂ ውስጥ ካለው ጋር ተደምሮ፥ ሰው በቀን ከሚያገኘው ኀይል ከመቶ 10 እጅ እንዳይበልጥ፥ ቢቻልም ከ5 እጅ በታች እንዲሆን መክሯል። ይህም የኋለኛው መጠን ለአንድ ዐዋቂ ሰው 25 ግራም ያህል ነው። ልብ በሉ፤ መመሪያው የጭማቂውን ስኳር ሲቈጥር፥ ሳይጨመቅ በሚበላው ፍሬ ውስጥ ያለውን ግን ከዚህ ቍጥር አላገባውም።

እንግዲህ ስለ መጭመቅ ለመማር ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም፤ የሐዲያና የከምባታ እናቶች ይበቁናል። እነርሱ እንሰትን ሲፍቁ የሚጣል ነገር አይኖራቸውም። ከተፋቀው ተጨምቆ የወጣው ፈሳሽ እንዲረጋ ይተዋል፤ ከሥሩ የሚዘቅጠው ነጭ ነገር ቡላ ይሆናል። የቀረው በእንሰት ቅጠል ተሸፍኖ በጕድጓድ ይብላላና ቆጮ ይሆናል። ጭረቱ ደግሞ ቃጫ ሆኖ ለገመድ ይውላል። እኛ ግን ብርቱካኑን ጨምቀን፥ ጥቅሙን ከወንፊት ላይ ጠርገን እንጥላለን።

የፍሬን ጥቅም በማበላሸት የተሳሳትን እኛ ብቻ አይደለንም። በ1747 እ.ኤ.አ. ጄምስ ሊንድ የተባለ የእንግሊዝ ባሕር ኀይል ሐኪም፥ ድድ በሚያደማውና ኀይል በሚያሳጣው በስከርቪ በሽታ የተያዙ 12 መርከበኞችን በስድስት ጥንድ ከፍሎ ለየጥንዱ ልዩ ልዩ ነገር ሰጣቸው። ብርቱካንና ሎሚ የበሉት ሁለቱ ከሁሉ ፈጥነው ተሻላቸው። ሊንድ ግን ጭማቂው ለረዥም ጉዞ እንዲቈይ በማለት በእሳት እየተነነ እንዲወፍር መከረ። ዛሬ ቪታሚን ሲ የምንለው ንጥረ ነገር ሙቀት የሚያጠፋው በመሆኑ፥ የወፈረው ጭማቂ የፈዋሽነት ኀይሉን አጣ። ከዚህም የምንማረው ጠቃሚውን ፍሬ ማግኘት ብቻ ሳይሆን አሠራሩንም ማወቅ እንደሚያስፈልግ ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ እንመለስ። በመጀመሪያ ለጭማቂ የሚመረጠው ፍሬ ከነሥጋው የሚፈጨው ነው። አቮካዶ ለዚህ ተወዳዳሪ የለውም። በ100 ግራም ውስጥ 7 ግራም ያህል አሰር ሲኖረው፥ ስኳሩ ግን አንድ ግራም እንኳ አይሞላም። ስለዚህ አቮካዶን የሚጎዳው እኛ የምንጨምርበት ስኳር ነው። መብራት ቢጠፋና መፍጫው ባይሠራ፥ በሹካ ደቍሶ በጥቂት ውሃ ማላላት ይቻላል። የሎሚ ጠብታ ከተጨመረበት ጣዕም ያገኛል፤ ቶሎም አይጠቍርም። በፓፓያ ወይም በማንጎ ላይ ትንሽ አቮካዶ መጨመርም መልካም ነው፤ ቢጫ ቀለማቸው በሰውነታችን ውስጥ ወደ ቪታሚን ኤ የሚለወጥ ሲሆን፥ የአቮካዶው ቅባት ወደ ደም እንዲገባ ይረዳዋል።

ሁለተኛው ንጽሕና ነው። እጅ በሳሙና ይታጠብ፤ ፍሬውም ከመቈረጡ በፊት በንጹሕ ውሃ ይታጠብ፤ ቢላዋው በልጣጩ ላይ ያለውን እድፍ ወደ ሥጋው ይዞ ይገባልና። ለማቅጠኛ የሚሆነው ውሃ ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን። ሆሳዕናና አካባቢዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላላቸው፥ ውሃ በዚያ 100 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል፤ አዲስ አበባም እንዲሁ ናት። ስለዚህ ውሃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ሙሉ መቈየት ይገባዋል።

ሦስተኛው ጊዜና መጠን ነው። ጭማቂ እንደተዘጋጀ ይጠጣ፤ ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ለማታ ብሎ ማስቀመጥ በሽታን መጋበዝ ነው። ለዐዋቂ ሰው አንድ ትንሽ ብርጭቆ ይበቃል፤ እርሱም ከምግብ ጋር እንጂ በምግብ ፈንታ አይሁን። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ጭማቂ አይሰጥም። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው፥ አቮካዶ ፖታሲየም የሚበዛበት ስለሆነም ኵላሊቱ የታመመ ሰው፥ አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር።

እኔ ዛሬ ብርቱካኑን ልጬ እበላለሁ፤ የምፈጨው አቮካዶ ነው፤ የስኳሩም ዕቃ ከገበታዬ ርቋል። በመጀመሪያው ሳምንት ምላሴ አጕረመረመ፤ በኋላ ግን የፍሬውን እውነተኛ ጣዕም ለየ። ሐኪሙም ዳግመኛ በመረመረኝ ጊዜ መጠኑ ዝቅ ማለቱን አበሠረኝ።

ባለፈው ጊዜ ወደ ፎንቆ ስመለስ፥ እመቤቲቱን «እማማ፥ ለስላሳው ይቅር፤ ከጓሮዎ አቮካዶ ከሎሚ ጋር ይስጡኝ» አልኳቸው። እሳቸውም «ይህማ የቤት ነው፤ ለእንግዳ ይሆናል?» ብለው ሳቁ። ይሆናል፥ አንባቢዎቼ፤ ለእንግዳም፥ ለቤተ ሰብም፥ በቢሮ ወንበር ላይ ለሚደክመው ሠራተኛም ይሆናል። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፥ ሐኪም ሳያስጠነቅቃችሁ ነገ ጧት ከወንፊቱ ላይ የቀረውን ከመጣላችሁ በፊት ጥቂት አስቡ።