ከ«ይመከራል» ወዲያ

ስልካችሁ «ይህን ትወዱታላችሁ» ሲል ከየት አመጣው? የምሠራው በዚህ ዘርፍ ስለሆነ በአጭሩ ላስረዳ። ሲስተሙ ቪዲዮው ላይ ስንት ሰከንድ እንደቆያችሁ፣ ምኑን እንደዘለላችሁ፣ ለማን እንደላካችሁ ይመዘግባል። ከዚያ የእናንተ ዓይነት ልማድ ያላቸው ሰዎች ቀጥለው ያዩትን ያቀርብላችኋል። ተናዳችሁ ቆያችሁ ወይስ ተደስታችሁ፣ ለእሱ ያው ነው።

ትልቁ ድክመቱ ማንም ያልነካው ነገር ላይ ነው። መረጃ ከሌለው ምን ብሎ ይመክራል? እዚህ ላይ ሰው ይበልጠዋል።

ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የአዲስ አበባን የድሮ ሸክላዎች አሰባስቦ «ኢትዮፒክስ» የተሰኘውን ተከታታይ አልበም ሲያዘጋጅ የተማመነው በጆሮው ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣው አራተኛው ቅጽ የሙላቱ አስታጥቄ ሥራ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. ደግሞ የፊልም ዳይሬክተሩ ጂም ጃርሙሽ የሙላቱን ሙዚቃ «ብሮክን ፍላወርስ» ፊልሙ ውስጥ አስገባው፤ አዲስ አድማጭ እንደ ጉድ ጎረፈ። ሁለት መራጮች፣ ሁለቱም ሰው።

ወደ ስልካችሁ እንመለስ። ዩቲዩብ ላይ የዕይታ ታሪክን አጥፉና የቆየውንም ሰርዙት፤ የፊት ገጹ ባዶ ይሆናል፣ ሰብስክራይብ ያደረጋችሁትን ግን ታገኛላችሁ። (መጀመሪያ ላይ ይደብራል፣ አልዋሽም።) ቴሌግራም ቻናል የተለጠፈውን በቅደም ተከተሉ ያሳያል፤ መራጩ የቻናሉ ባለቤት ነው። እሱም ቢሆን ማስታወቂያ ይቀበላል፣ ስለዚህ ዓይናችሁን ክፈቱ። እኔ መጽሐፍም ሆነ ሙዚቃ የሚጠቁመኝን ሰው «ያልወደድከውስ የቱን ነው?» እለዋለሁ። ሁሉንም የሚያሞግስ ከሆነ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።