ከዓለም የሚርቅ እርጅና

ለመንግሥት ሠራተኛ 60 ዓመት ሲሞላው ከሥራ የሚያሰናብተው አዋጅ አለ፤ በደባርቅና በዳባት ደጋ ገብስ እየዘራ ለሚኖረው ገበሬ ግን ሞፈሩን የሚያስቀምጥበትን ቀን የሚወስንለት ሕግ ስለሌለ፣ ጉልበቱ ሲደክምና ልጆቹን ድሮ ኵሎ ሲጨርስ፣ የጎልማሳነቱን ዘመን ከሽምግልናው የሚለየውን ድንበር ራሱ ማቆም ይኖርበታል። ይህንንም ድንበር ከጥንት ጀምሮ ብዙዎች ያቆሙት በምንኩስና ነው። ስለዚህ በሰሜን ተራሮች ግርጌ ከዓለም ርቆ ማርጀት ከሰው መጣላት ወይም ከኑሮ መሸሽ ሳይሆን፣ ሥርዓት ያለው፣ ምስክር የሚቆምለት፣ ዘመድም የሚያከብረው ምርጫ ሆኖ ኖሯል።

ልማዱ እንዲህ ነው። ከባልና ከሚስት አንዱ ቀድሞ ቢሞት፣ የቀረው ወገን የንስሐ አባቱን አማክሮ፣ መሬቱንና ከብቱን ለልጆቹ አከፋፍሎ፣ ኑዛዜውን በምስክር ፊት ተናዝዞ፣ ከተቀየመውም ጎረቤት ጋር ታርቆ ቆብ ይጭናል፤ ሁለቱም በሕይወት ካሉ ግን ተስማምተው ካልሆነ በቀር አንዱ ሌላውን ጥሎ ሊመነኩስ አይገባውም። መነኵሴ ለዓለም እንደ ሞተ የሚቈጠር በመሆኑም፣ በሚመነኩስበት ዕለት የሙታን ጸሎት የሆነው ፍትሐት በቁሙ ይደረስለታል። ከዚያ ወዲያ ወንዱ «አባ»፣ ሴቲቱም «እማሆይ» ተብለው ይጠራሉ፤ ለወሰን ሙግት የሚጠራቸው የለም፣ ለዕርቅ ግን ይፈለጋሉ። ከእነዚህም መካከል አንዳንዶቹ በልጆቻቸው ግቢ ጥግ በምትሠራ ጎጆ፣ አንዳንዶቹ በደብሩ ዙሪያ ከቅዳሴውና ከኪዳኑ ሳይለዩ ይኖራሉ፤ ጉልበትና ጽናት ያላቸው ደግሞ ወደ ገዳም ይወርዳሉ።

ከደባርቅ ተነሥቶ የሊማሊሞን ገደል በጠመዝማዛው መንገድ የሚወርድ ሰው፣ ውርጭ ከሚወርድበት ደጋ ወደ ዛሬማና ወደ አዲ አርቃይ ሞቃት አገር ይደርሳል፤ በዚያም ወገን ባለው ቆላ አባ ሳሙኤል ዘዋልድባ ያቀኑት፣ ዝናው በኢትዮጵያ ሁሉ የተሰማ የዋልድባ ገዳም ይገኛል። ጻድቁ በዓላቸው ታኅሣሥ 12 ቀን የሚከበር ሲሆን፣ ሠዓልያን በአንበሳ ላይ እንደ ተቀመጡ አድርገው ይሥሏቸዋል፤ ይኸውም አራዊት በሚፈሩበት በረሃ ያለ ፍርሃት መኖራቸውን ለማስታወስ ነው። በዋልድባ ገዳማውያኑ እህል አይቀምሱም፤ ምግባቸው ከሙዝ የሚሰናዳው ቋርፍ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሲያርስ፣ ሲያጭድና ሲወቃ ኖሮ፣ የሰውን ሀብት በጎተራ ልክ ሲመዝን ለነበረ ገበሬ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የእህልን ነገር ጨርሶ የተወ ሰው ከማጣት ስጋት፣ ከግብርና ከውርስ ክርክር፣ ከጎተራውም ጋር አብሮ ሲያስጨንቀው ከነበረው ሐሳብ ሁሉ ይለያልና።

አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ስፍራ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ቆብ የጫነ ሽማግሌ ለአበ ምኔቱና ለገዳሙ ሥርዓት የሚታዘዝ ከሆነ፣ እንዴት በራሱ ፈቃድ አረጀ ይባላል? መልሱ የሚታዘዝለትን ሥርዓት ራሱ መምረጡ ላይ ነው። የመነኮሳት አባት የሚባለው ታላቁ እንጦንስ የወረሰውን ርስት ትቶ ወደ ግብፅ በረሃ ገብቶ፣ አትናቴዎስ እንደ ጻፈለት 105 ዓመት እስኪሞላው የኖረው ማንም አስገድዶት አልነበረም። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነገሠው ዐፄ ካሌብም ዘውዱን ወደ ኢየሩሳሌም ልኮ የቀረ ዘመኑን በአባ ጰንጠሌዎን ገዳም እንደ ፈጸመ ይተረካል። በእኛም ዘመን በወጣትነታቸው የመነኮሱት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ፣ በኢየሩሳሌም ባለው የኢትዮጵያ ገዳም ብዙ ዓመት ተቀምጠው፣ ከጸሎታቸው ጋር ፒያኖአቸውን ሳይለዩ አርጅተው፣ መጋቢት 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ዐርፈዋል። የሦስቱ ዕጣ የተለያየ ቢሆንም፣ ምን ትተው ምን እንደሚይዙ የወሰኑት ራሳቸው ስለ ሆኑ በአንድ ነገር ይተባበራሉ።

ደግሞም የመናኙ ርቀት ፍጹም መቈረጥ አይደለም። የታመመ ለጸሎት፣ የተጣላ ለዕርቅ፣ ግራ የተጋባ ለምክር ወደ እርሱ ይሄዳል፤ እርሱም ምእመናን በሚያመጡለት ጥቂት ነገር ይደጎማል። እንግዲህ ሽማግሌው ለኅብረተሰቡ የሚሰጠው አገልግሎት በክንዱ ሲቀር በቃሉና በቡራኬው ይቀጥላል።

ነገር ግን ይህን ክቡር ልማድ ስናመሰግን ልንሸሽገው የማይገባ ሐዘን አለ። ልጆች ወደ ጎንደር፣ ወደ አዲስ አበባና ወደ ባሕር ማዶ ሲበተኑ፣ ጧሪና ቀባሪ አጥታ ደጀ ሰላም የምትጠጋ እናት ቆብ ብትጭንም፣ ወዳ ከመነነችው ጋር እኩል ልትታይ አይገባትም። የአንዲቱ ብቸኝነት የነፍሷ ጥማት ነው፤ የሌላይቱ ግን የእኛ ቸልታ የወለደው ነው። ሁለቱም በአንድ ዐይነት ልብስ ስለሚታዩ፣ የተተወችውን እናት «መንናለች» ብሎ ማለፍ ለልጅም ለጎረቤትም ቀላል ይሆንለታል፤ ይህ ግን በቆቡ ስም የሚፈጸም በደል ነው።

ስለዚህ ወላጅ መመንኮስ እፈልጋለሁ ሲል ልጅ አስቀድሞ ሊያደርግ የሚገባው፣ ቤቱ ቢቀር በምን ክብር እንደሚጦር አስረድቶ፣ የሚበላውንና የሚታከምበትን አዘጋጅቶ፣ መቅረትም እንደሚቻለው በተግባር ማሳየት ነው። ይህ ሁሉ ተሟልቶለት ሳለ ሽማግሌው መቋሚያውን ይዞ ቢነሣ፣ መንገዱ በእውነት የፈቃዱ መንገድ ነውና፣ ቤተሰቡ ሊከለክለው ሳይሆን ስንቁን ይዞ ሊሸኘው ይገባል።