የትኛውን መጽሐፍ ልግዛ? ለዳታቤዝ ፈተና ለምታጠኚ እኅት



የቤቱ ሰዎች እራት በልተው ተኝተዋል። ሳህኑ ታጥቧል፣ ወጥ ቤቱም ተወልውሏል። ስልክሽን ይዘሽ ጋደም ስትዪ አገር ቤት ጥለሽው የመጣሽው ትምህርት ትዝ ይልሻል። ምናልባት ከ10ኛ ክፍል በኋላ ቴክኒክና ሙያ ገብተሽ ዳታቤዝ አድሚኒስትሬሽን ጀምረሽ ነበር፤ ሲኦሲ የምንለውን የብቃት ምዘና ሳትወስጂ ግን ሪያድ ገባሽ። ወይም ደግሞ በዓለም የታወቀ የዳታቤዝ ፈተና አልፎ የቢሮ ሥራ መያዝ ይቻላል ሲባል ሰምተሽ ልብሽ ተነሣሥቷል። ያም ሆነ ይህ ጥያቄሽ አንድ ነው፤ "የትኛውን መጽሐፍ ልግዛ? ለየትኛው ትምህርት ልክፈል?" የሚል።

ጥያቄው ቀላል አይደለም። የምትከፍይው ገንዘብ ከእናትሽ መድኃኒት ወይም ከታናሽሽ የትምህርት ቤት ክፍያ ላይ ተቀንሶ ነው። ጊዜውም ከእንቅልፍሽ ተቀንሶ ነው። ስለዚህ ምክራችንን ከወዲሁ እንንገርሽ፤ ብዙ አትሰብስቢ። መጀመሪያ ፈተናውን ምረጪ። ቀጥለሽ ፈተናው የሚጠይቀውን ዝርዝር ያዢ። ከዚያ በኋላ ከዝርዝሩ ጋር የሚስማማ አንድ ማንበቢያና አንድ መለማመጃ ብቻ ፈልጊ።

የዳታቤዝ አስተዳዳሪ ምን ይጠብቃል?

ዳታቤዝ ወይም የመረጃ ቋት ማለት መረጃ በሥርዓት ተቀምጦ ሲፈለግ የሚወጣበት ነው። በሪያድ ፋጡማ የምትባል ሴት ስንት አለች? የኢቃማ ቁጥራቸው ግን አይገጥምም። አንዷ ከሌላዋ የምትለየው በስሟ ሳይሆን በቁጥሯ ነው። በትምህርቱ ቋንቋ እንዲህ ያለውን መለያ ፕራይመሪ ኪይ ይሉታል። እንግዲህ የማታውቂው ነገር አይደለም፤ በየቀኑ ቦርሳሽ ውስጥ ይዘሽው ትዞሪያለሽ።

አስተዳዳሪው ደግሞ ይህ መረጃ እንዳይጠፋ፣ እንዳይዛባና ያልተፈቀደለት ሰው እንዳይገባበት የሚጠብቅ ነው። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ለ7 አጥቢያ የሆነውን ታስታውሺ ይሆናል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ችግር ገጥሞት ደንበኞች ሒሳባቸው ውስጥ ካለው በላይ ገንዘብ ማውጣት ቻሉ። ባንኩ በኋላ ነገሩ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን ከሥርዓት ማሻሻያ ሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑንና ያላግባብ የወጣውም 801 ሚሊዮን ብር ገደማ መሆኑን ገለጸ። እንዲህ ያለ ሌሊት ሲመጣ ከእንቅልፋቸው ከሚጠሩት ባለሙያዎች አንዱ የዳታቤዝ አስተዳዳሪ ነው። በዚያ ሰዓት የሚያድነው እጁ የለመደው ሥራ እንጂ በቃል የሸመደደው መልስ አይደለም። የጥናት ጽሑፍ ስትመርጪ ይህን ሌሊት አስቢው።

መጀመሪያ ፈተናውን ምረጪ

ከፊትሽ ሁለት ዓይነት መንገድ አለ።

አንደኛው የአገር ቤቱ የብቃት ምዘና ነው። ምዘናው የሚሰጠው አገር ቤት በምዘና ማዕከላት ሲሆን የዕውቀትና የተግባር ክፍል አለው። ውጤቱም ብቁ ወይም ገና ብቁ ያልሆነ ተብሎ ይገለጻል። ወደ አገርሽ ልትመለሺ ያሰብሽ ከሆነና ደረጃ 3 ወይም 4 ጀምረሽ ያቋረጥሽ ከሆነ የሚቀርብሽ ይኸኛው ነው።

ሁለተኛው የኩባንያዎቹ ፈተና ነው። ማይክሮሶፍት ዲፒ-300 የሚባል የዳታቤዝ አስተዳዳሪ ፈተና አለው። ኦራክልም ለራሱ ዳታቤዝና ለማይኤስኪውኤል ፈተና ያወጣል። የማይክሮሶፍቱን ሪያድ ሆነሽ በፈተና ጣቢያ ልትወስጂው ትችያለሽ። ዋጋቸው ግን የዋዛ አይደለም። ዲፒ-300 በአሜሪካ 165 ዶላር ነው፤ ዶላሩ በ3.75 ሲመነዘር 619 ሪያል ገደማ ይሆናል። በየአገሩ ስለሚለያይ የሳዑዲውን ጠይቂ። ወር ሙሉ ሠርታ 1,000 ሪያል ለምታገኝ እኅት ይህ ከደመወዟ ከግማሽ በላይ ነው፤ ብትወድቅም አይመለስላትም።

ዲፒ-300 የሚያተኩረው አዙር በሚባለው የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት አገልግሎት ላይ ስለሆነ ለመለማመድ ኢንተርኔትና አካውንት ይፈልጋል፤ አካውንት ሲከፈትም የባንክ ካርድ ይጠየቃል። ማይኤስኪውኤል ግን አንዴ ላፕቶፕ ላይ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል፤ ፕሮግራሙም ነፃ ነው። እንግዲህ የትኛው ፈተና ይበልጣል ከማለትሽ በፊት የትኛውን መለማመድ እችላለሁ በዪ።

አንድ ነገር ደግሞ እንዳይምታታብሽ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. እንደተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ያሉ ነፃ ትምህርቶች ጠቃሚ ናቸው፤ ምስክር ወረቀትም ይሰጣሉ። ያ ወረቀት ግን ትምህርቱን መጨረስሽን የሚገልጽ ነው፤ የዳታቤዝ አስተዳዳሪነት ፈተና አልፈሻል ማለት አይደለም።

ዝርዝሩን ሳትይዢ ገንዘብ አታውጪ

ማንኛውም ደኅና ፈተና የሚጠይቀውን አስቀድሞ ይናገራል። ማይክሮሶፍት የዲፒ-300ን ክፍሎች ከነድርሻቸው በድረ ገጹ በነፃ ያወጣል፤ ለምሳሌ ዳታቤዙ ሳይቋረጥ እንዲሠራና ከአደጋ እንዲያገግም ማድረግ ከፈተናው ከ20 እስከ 25 በመቶ ይይዛል። ለአገር ቤቱ ምዘና ደግሞ ዝርዝሩ የሙያ ደረጃው ነው። ጥያቄው የሚወጣው ከእርሱ ነው።

ወንድምሽን ወይም ጓደኛሽን በአቅራቢያቸው ወዳለው ኮሌጅ ወይም የምዘና ቢሮ ልከሽ በሥራ ላይ ያለውን የሙያ ደረጃ ፎቶ አንሥተው እንዲልኩልሽ አድርጊ። "በሥራ ላይ ያለውን" ያልነው በምክንያት ነው። ቀድሞ ዳታቤዝ አድሚኒስትሬሽን በሚል ለብቻው ይሰጥ የነበረው ሙያ በኋላ ከዌብ ሥራ ጋር ተጣምሯል። አንቺ የተማርሽው በአሮጌው ከሆነ የቀድሞው ደብተርሽ ብቻውን አያደርስሽም። ኮሌጆቹ የሚጠቀሙበት የማስተማሪያ ጽሑፍ በፒዲኤፍ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋልና፣ ሲላክልሽ ከሁሉ በፊት የሙያውን ስም፣ ደረጃውንና ዓመቱን ተመልከቺ።

ዝርዝሩን ካገኘሽ በኋላ በደብተር ገልብጪው። አንድ መጽሐፍ ስታዪ ማውጫውን ከደብተርሽ ጋር አስተያዪና በሚገጥመው ርእስ ፊት ምልክት አድርጊ። ግማሹ ባዶ ከቀረ መጽሐፉ የቱንም ያህል ቢያምር ለፈተናሽ አይሆንም።

አሮጌ መጽሐፍ መቼ ይጠቅማል?

ጀሪር መደብር ገብተሽ የኮምፒውተር መጻሕፍትን ዋጋ አይተሽ ደንግጠሽ ይሆናል። ከዚያ ያገለገለ መጽሐፍ በ20 ሪያል ስታገኚ ደስ ይልሻል። ግን ቀስ በዪ። ለምሳሌ 70-462 የሚል ቁጥር ያለበት ወፍራም መጽሐፍ ለኤስኪውኤል ሰርቨር 2012 ፈተና የተዘጋጀ ነው። ማይክሮሶፍት ያንን ፈተና በጥር 2021 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ዘግቶታል። መጽሐፉን በቃልሽ ብትይዢው እንኳ የምትፈተኚበት ቦታ የለም።

ይህ ሲባል ግን አሮጌ ሁሉ ይጣል ማለት አይደለም። መረጃን በሠንጠረዥ የማደራጀት ሐሳብ ኤድጋር ኮድ የተባለ የአይቢኤም ተመራማሪ በ1970 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ነው። ኤስኪውኤል የሚባለው የመጠየቂያ ቋንቋም መነሻው በ1974 እ.ኤ.አ. እዚያው ነው። ሁለቱም ዛሬም የትምህርቱ መሠረት ናቸው። ስለዚህ ስለ ሠንጠረዥ አሠራርና ስለ ኤስኪውኤል መሠረት የሚያስተምር አሮጌ መጽሐፍ ቶሎ አያረጅም። ስለ አጫጫን፣ ስለ ጥበቃና ስለ ኢንተርኔት አገልግሎት የሚናገረው ግን በጥቂት ዓመት ውስጥ ይለወጣል። የመጀመሪያውን አሮጌ ግዢ፣ የሁለተኛውን ከኩባንያው ድረ ገጽ በነፃ አንብቢ። ማይክሮሶፍት ለፈተናዎቹ የሚሆን ትምህርትና የመለማመጃ ጥያቄ በነፃ ያቀርባል። የፖስትግሬስኪውኤልና የማይኤስኪውኤል መመሪያዎችም ነፃ ናቸው፤ ነገር ግን በሺህ የሚቆጠር ገጽ ስላላቸው ከዳር እስከ ዳር የሚነበቡ ሳይሆኑ እንደ መዝገበ ቃላት የሚገለጡ ናቸው።

የእንግሊዝኛውንም ነገር አትርሺ። መጽሐፉን ከመሐል ገልጠሽ አንድ ገጽ አንብቢ። በየመስመሩ የማታውቂው ቃል ካስቆመሽ ቀለል ያለ ፈልጊ። የሙያውን ቃል ግን አትሽሺው። ሠንጠረዥ፣ ረድፍ፣ ዓምድ፣ መጠባበቂያ ቅጂ እያልሽ አማርኛውን ከእንግሊዝኛው ፊት ለፊት በደብተር ጻፊ፤ ፈተናው የሚመጣው በእንግሊዝኛ ነውና።

እጅሽን የምታለማምጂበት

ዶሮ ወጥ በማንበብ እንደማይሠራ ሁሉ ዳታቤዝም በማንበብ ብቻ አይለመድም። ስልክ ብቻ ላላት እኅት ኤስኪውላይት የሚባል ቀላል ዳታቤዝ የሚያሠሩ መተግበሪያዎች አሉ። የቤቱን አስቤዛ በሠንጠረዥ መዝግቢና በዚህ ወር ስንት ኪሎ ሩዝ ገባ ብለሽ በኤስኪውኤል ጠይቂው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ይህ ይበቃል።

መጠባበቂያ ቅጂ መያዝና የጠፋ ዳታቤዝ መመለስ ግን ያለ ኮምፒውተር አይለመድም። ስለዚህ 300 ሪያል ለቪዲዮ ትምህርት ከመክፈልሽ በፊት ያንን ገንዘብ ላገለገለ ላፕቶፕ ማጠራቀም ይሻላል። ብቻሽን ካልቻልሽ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ግዙና በዕረፍት ቀናችሁ ተራ በተራ ሥሩበት። ፕሮግራሞቹ ነፃ ናቸው፤ የኤስኪውኤል ሰርቨር የመለማመጃ ቅጂም እንዲሁ። ዳታቤዝ ሠርተሽ ቅጂ ያዢለት፤ ከዚያ ሆን ብለሽ አጥፊውና ከቅጂው መልሺው። ይህን መጽሐፍ ሳታዪ ሦስት ጊዜ ከሠራሽ በዚያ ክፍል አትፈሪ።

"ጥያቄው ከነመልሱ አለኝ" ሲሉሽ

በቴሌግራም የፈተናውን ጥያቄ ከነመልሱ የሚሸጡ አሉ። ለደከመው ሰው ፈተናው ብርቱ ነው፤ በሳምንት አልፋለሁ ያሰኛል። ነገር ግን ተፈታኝ ሁሉ ጥያቄ ላለማውጣትና በወጣ ጥያቄ ላለመጠቀም ተስማምቶ ነው የሚገባው። ከተደረሰበት ውጤቱ ይሰረዛል፤ ዳግመኛ እንዳይፈተንም ሊታገድ ይችላል። መልሶቹም ብዙ ጊዜ ስሕተት ናቸው፤ ሻጩ ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ አታገኚውም። በተግባር ምዘና ላይ ደግሞ ኮምፒውተር ፊት ሲያስቀምጡሽ የተሸመደደው ፊደል አይረዳሽም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ኩባንያው ራሱ ያወጣው የመለማመጃ ጥያቄ ሕጋዊ ነውና በእርሱ ራስሽን መዝኚ።

ከመክፈልሽ በፊት ስምሽን ተመልከቺ

ስለዚህ ነገር ብዙ ጊዜ አይነገርም፤ እኛ ግን ልንነግርሽ ይገባል። ደላላ በፓስፖርቷ ላይ ስሟንም ዕድሜዋንም የለወጠባት እኅት ጥቂት አይደለችም። የኩባንያዎቹ ፈተና የሚሰጠው በሕጋዊ መታወቂያሽ ላይ ባለው ስም ነው፤ ምስክር ወረቀቱም በዚያው ስም ይወጣል። የትምህርት ማስረጃሽ በአንድ ስም፣ የፈተናው ወረቀት በሌላ ስም ከሆነ አገር ቤት ሥራ ስትጠይቂ ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን ማስረዳት ይኖርብሻል። ነገርሽ እንዲህ ከሆነ እዚህ እውቀቱን ይዘሽ፣ ምዘናውን አገር ቤት በእውነተኛው ስምሽ መውሰድ የተሻለ ሊሆን ይችላል። ፓስፖርትሽ በአሠሪሽ እጅ ከሆነም ሳትመዘገቢ በፊት በፈተናው ቀን ይዘሽው መሄድ መቻልሽን አረጋግጪ። ቤት ሆኖ በኢንተርኔት መፈተን ይቻላል ቢባልም ማንም የማይገባበት ክፍልና ካሜራ ያለው ኮምፒውተር ይጠይቃል። በመሐል ልጅ በሩን ከፍቶ ቢገባ ፈተናሽ ሊቋረጥ ስለሚችል በጣቢያ የሚሰጥ ከሆነ ለአንቺ ጣቢያው ይሻላል።

ጊዜውስ?

የሳዑዲ ደንብ ለቤት ሠራተኛ የሳምንት ዕረፍት ቢሰጥም በየቤቱ ያለው እንደሚለያይ እናውቃለን። በሳምንት ስድስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት፣ በዕረፍትሽ ቀን ሁለት ሰዓት ብታገኚ በሳምንት አምስት ሰዓት ይሆናል። በ24 ሳምንት 120 ሰዓት ነው። ለመሠረቱ ቀላል የማይባል ጊዜ ነው። የመፈተኛውን ገንዘብ በመጨረሻው ወር ክፈይ እንጂ በመጀመሪያው አትክፈይ። ኦራክል በ2025 እ.ኤ.አ. የማይኤስኪውኤልን 30ኛ ዓመት ምክንያት አድርጎ ለጥቂት ወራት ፈተናውን ነፃ አድርጎት ነበር። እንዲህ ያለ ዕድል ዳግመኛ ቢመጣ ተዘጋጅታ የቆየችው ትጠቀምበታለች።

እንግዲህ እኅታችን፣ በሚመጣው የዕረፍት ቀንሽ ምንም አትግዢ። ደብተር አውጪ፣ የመረጥሽውን ፈተና ስም ከላይ ጻፊ፣ ዝርዝሩን ከሥሩ ገልብጪ፣ የምታውቂውን ምልክት አድርጊ። ባዶ የቀረው ምን መግዛት እንዳለብሽ ራሱ ይነግርሻል። በርቺ።