ጤናማው ሳንባም መድኃኒት ያስወጣል

«ካንሰሩ ኬሞውን ተላምዶታል» ተብላችሁ በውስጥ መስመር የጻፋችሁልኝ አላችሁ። ቃሉን ከቲቢ ጋር ስለምናውቀው፣ ካንሰሩም እንደ ባክቴሪያው ከውጭ የመጣ ጠላት ይመስለናል። ሳንባ ላይ ግን መከላከያው የራሳችን ሊሆን ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1992 ካናዳ፣ ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሱዛን ኮል፣ ሮጀር ዲሊና ባልደረቦቻቸው አንድ እንቆቅልሽ ይዘው ነበር። ከሳንባ ካንሰር የተገኙ ሕዋሳትን ዶክሶሩቢሲን የሚባለውን የኬሞ መድኃኒት እያስለመዱ ሲያራቧቸው፣ መድኃኒቱ የማይገድላቸው ዘር ወጣ። ከ1976 ጀምሮ የሚታወቀው መድኃኒት አስወጪ ፓምፕ፣ ፒ-ግላይኮፕሮቲን፣ እነዚህ ሕዋሳት ላይ አልበዛም። ታዲያ መድኃኒቱን የሚያስወጣው ማነው? ሲፈልጉ ሌላ ፓምፕ አገኙ፤ ኤም.አር.ፒ.1 ተባለ።

የሚገርመው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ጤናማ ሳንባ የዚህ ፓምፕ ጂን በብዛት ከሚሠራባቸው የአካል ክፍሎች አንዱ ሆኖ ተገኘ። ነገሩ ሲታሰብ ምክንያት አለው፦ ጭሱም አቧራውም በየትንፋሹ የሚገባው እዚያ ነው። ፓምፑ ግሉታታዮን ከሚባል ንጥረ ነገር ጋር እየተባበረ መርዛማ ነገሮችን ከሕዋሱ ያወጣል። ከአስም ጋር ስሙ የሚነሳውን ሉኮትራይን የሚባል ንጥረ ነገርም የሚያወጣው እሱ ነው። ካንሰሩ ከዚሁ ሳንባ ሕዋስ ስለሚነሳ ፓምፑን በውርስ ይዞት ሊነሳ ይችላል።

ስለዚህ «ዕጢው ውስጥ ጂኑ በጣም ይሠራል» የሚል ውጤት ብቻውን ብዙም አይነግረኝም። ከማን ጋር ሲነጻጸር? ጥሩው መንገድ በቀዶ ሕክምና ከወጣው ሳንባ ዕጢውንም፣ ራቅ ያለውን ካንሰር የሌለበትን ክፍልም መለካት ነው። እዚህም ጣጣ አለ። ናሙናው ሲፈጭ የካንሰሩ ሕዋስ፣ የደም ሥሩና ማክሮፋጅ የሚባለው የመከላከያ ሕዋስ ይቀላቀላሉ፤ ሽሮ ተፈጭቶ ካለቀ በኋላ ስንቱ አተር፣ ስንቱ ባቄላ እንደነበር ከዱቄቱ እንደመገመት ነው። የአጫሽ ሰው «ጤናማ» ሳንባም ጭስ የለመደ ሳንባ ነው። በዚያ ላይ የጂኑ አር.ኤን.ኤ. መብዛቱ ፕሮቲኑ በዝቶ የሕዋሱ ሽፋን ላይ ቦታውን ይዟል ማለት አይደለም።

ትንንሽ ሕዋስ ያለው የሳንባ ካንሰር ደግሞ የባሰ ነው። መጀመሪያ በኬሞ በደንብ ይሟሽሽና ብዙ ጊዜ ተላምዶ ይመለሳል። በቀዶ ሕክምና የሚወጣው ከስንት አንዴ ስለሆነ፣ ከተመለሰ በኋላ የሚመረመር ናሙና ብርቅ ነው።

«ታዲያ ፓምፑን ለምን አይዘጉትም?» ተሞክሯል። ቬራፓሚል፣ በኋላም ቫልስፖዳር በፒ-ግላይኮፕሮቲን ላይ ተሞክረው የታሰበውን ያህል አልጠቀሙም። ጤናማው አካል ላይ ያለው ፓምፕም አብሮ ስለሚዘጋ ኬሞው ሰውነት ውስጥ ይቆያል፣ መጠኑን መቀነስ ግድ ይሆናል። ፓምፑ ጤናማውን አካልም ይጠብቃል፦ እ.ኤ.አ. በ1994 አምስተርዳም ውስጥ ፒ-ግላይኮፕሮቲን እንዲያጡ የተደረጉ አይጦች፣ እኛ ዘንድ ለኦንኮሰርካይሲስ በሚታደለው አይቨርሜክቲን ሞተዋል፤ መድኃኒቱ አንጎላቸው ውስጥ ገብቶ።

ሁሉንም ኬሞ ፓምፕ ላይ አታላክኩ። ኢቶፖሳይድን ሁለቱም ፓምፖች ሊያስወጡት ይችላሉ፤ ሲስፕላቲንን ግን አይነኩትም፣ ካንሰሩ እሱን የሚቋቋመው ለምሳሌ የተጎዳውን ዲ.ኤን.ኤ. እየጠገነ ነው። ሐኪም ለሳንባ ካንሰር የሚያዘው የኢ.ጂ.ኤፍ.አር. ምርመራም ፓምፑን ለመለካት አይደለም፤ በዚያ ጂን ላይ ለውጥ ካለ የሚሠራውን ኪኒን ለመምረጥ ነው።