ያልጠረጠረ ተመነጠረ፦ ያገለገለች "ስፖርት" መኪና ለመግዛት ላሰባችሁ

ከዝግጅት ክፍሉ

በዚህ ገጽ ዘወትር የምታነቡት የአገር ቤትን ጉዳይ ነው፤ ስለ ምርጫ፣ ስለ እስር፣ ስለ ጦርነት፣ ስለ ድርጅቶች መሰንጠቅ። ዛሬ ግን ከወትሮው ወጣ ብለን ስለ መኪና ልንጽፍ ነው። "አገር በእሳት ላይ ሆና የመኪና ወሬ ምን ይባላል?" የሚለን እንደማይጠፋ እናውቃለን። ምክንያታችንን አንብቦ ይፍረደን።

ሁላችንም "ጋሼ" የምንለው አንድ ወዳጃችን አሉ። ሃያ ዓመት ታክሲ ነድተው ልጆቻቸውን ያስተማሩ፣ ዕዳ የሌለባቸው፣ ቤት ለመግዛት ክሬዲታቸውን እንደ ዓይናቸው ብሌን ሲጠብቁ የኖሩ ሰው ናቸው። ከአገር ቤት ከመጣ ጥቂት ዓመት የሆነው የእህታቸው ልጅ አንዲት ትንሽ፣ ፈጣን፣ ባለ ቱርቦ መኪና ልቡን ወሰደችው። ልጁ ክሬዲት የለውም። "ጋሼ፣ ይፈርሙልኝ፤ እኔ እከፍላለሁ" አላቸው። የእህት ልጅ ነውና ፈረሙ። ቅዳሜ ከሰዓት ሄደው ሲያዩዋት ሻጩ ሞተሯን አስነስቶ ይጠብቃቸው ነበር። ልጁ አንድ ዙር ነድቶ ተመለሰ፣ ማምሻውን ወረቀቱ አለቀ። ሰኞ ጠዋት ስትነሳ ሞተሯ ያልሰሙትን ድምፅ አሰማች። ሁለት ወር ሳይሞላት አውራ ጎዳና ላይ ቆመች፤ ሞተሩም አለቀለት ተባለ። ባንኩ መኪናዋ ትሂድ ትቁም አያገባውም። ልጁ በትርፍ ሰዓት ሥራ እየከፈለ፣ ሲያቅተውም ጋሼ እየሞሉ ይኸው እስከ ዛሬ አሉ። የቤቱ ነገር ቀረ።

የመኪናዋን አምራችም ሆነ የሻጩን ስም አንጠራም። የተበላሸው ከመኪናዋ በፊት አገዛዙ ነው። የሚያስቆጨን ሌላ ነገር አለ። መንግሥትን "ሰነዱን አሳየን፣ ሒሳቡን አስመርምር" እያልን በየአደባባዩ የምንጮህ ሰዎች፣ የራሳችንን የአምስት ዓመት ዕዳ ሳናነብ እንፈርማለን። አባቶቻችን በቅሎ ሲገዙ አፏን ከፍተው ጥርሷን አይተው፣ ሰኮናዋን አንስተው፣ አስረግጠው፣ ባለቤቷን ጠይቀው ነበር። እኛ ቀለሟንና ጎማዋን አይተን እንመለሳለን።

ስለዚህ አንዲት መኪና መርጠን ጥርሷን እንቁጠር። የመረጥናት የቮልስዋገኗን ጎልፍ ጂ ቲ አይ ነው። ወጣቶቻችን ይወዷታል፤ ትንሽ ናት፣ አራት ሰው ከነሻንጣው ትይዛለች፣ ስትረግጧት ትሄዳለች። እ.ኤ.አ. በ1975 በፍራንክፈርት ትርኢት ታይታ በ1976 ለገበያ የቀረበች፣ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ለ1983 ሞዴል ዘመን ፔንሲልቬንያ ላይ መገጣጠም የጀመረች ናት። ደግ ባለቤት የገጠማት ብዙ ዓመት ታገለግላለች። ሕመሞቿም የታወቁ ናቸው፤ የታወቀ ሕመም ደግሞ አስቀድሞ ይመረመራል።

አምስተኛው ትውልድ (እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2009)

ባለ 200 ፈረስ ጉልበት ቱርቦ ሞተር ያላት ናት። ዋጋዋ ስለወረደ ብዙ ወጣት የሚያያት ይህችን ነው። ከ2006 እስከ 2008 ባሉት አብዛኞቹ ላይ ያለው ሞተር "ኤፍ ኤስ አይ" ይባላል። በዚህ ሞተር ካምሻፍቱ የነዳጁን ከፍተኛ ግፊት ፓምፕ የሚገፋው በመካከላቸው በምትቀመጥ ትንሽ ቆብ በምትመስል ብረት በኩል ነው፤ መካኒኮች "ካም ፎሎወር" ይሏታል። ይህች ብረት ትበላለች። ተበልታ ከተበሳች የፓምፑ ዘንግ በቀጥታ ካምሻፍቱን እየፋቀ ሁለቱንም ያበላሻል። ዕቃዋ ራሷ ርካሽ ናት፤ ጥፋቷ ግን በሺህ የሚቆጠር ዶላር ያስወጣል። መካኒክ ፓምፑን የያዙትን ሦስት ብሎኖች ፈትቶ ሊያያት ይችላል። ሻጩን "ካም ፎሎወሯ መቼ ታየች? መቼስ ተቀየረች?" ብላችሁ ጠይቁት። ጥያቄውን ከነጭራሹ ካልተረዳው መልሱን አግኝታችኋል።

ይኸው ሞተር የሚሠራው በታይሚንግ ቺንጋ ነው። ቺንጋው ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስቶኑ ጋር ይጋጫሉ፤ ሞተሩም ያበቃለታል። ማይሉ 100,000 የተጠጋ ወይም ያለፈ ከሆነና ቺንጋው የተቀየረበት ደረሰኝ ከሌለ፣ አልተቀየረም ብላችሁ ቁጠሩት። ዋጋውንም ያን አስባችሁ ቀንሱ። ላስቲክ በዕድሜም ስለሚደርቅ "ብዙ አልተነዳችም" የሚለው ቃል ብቻውን አያጽናና።

ስድስተኛው ትውልድ (እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2014)

በዚህኛው ያለው ሞተር "ቲ ኤስ አይ" ነው፤ በአምስተኛው ትውልድ የመጨረሻ መኪኖችም ላይ ይገኛል። የካም ፎሎወሩ ችግር የለበትም፤ በቺንጋ ፋንታ የብረት ካቴና አለው። "ካቴና ስለሆነ ዕድሜ ልክ ነው" የሚል ሻጭ ሲገጥማችሁ ጆሯችሁን አቁሙ። እስከ 2012 ገደማ በተሠሩት ላይ ካቴናውን ወጥሮ የሚይዘው ዕቃ ደካማ መሆኑ በሰፊው የታወቀ ነው። እሱ ሲለቅ ካቴናው ጥርስ ይዘላል፣ ቫልቮቹም ይጣመማሉ። ጉዳዩ አሜሪካ ውስጥ በባለቤቶች የጋራ ክስ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ2018 በስምምነት ተዘግቷል። የካሣ ማመልከቻው ጊዜ ስላለፈ ዛሬ የምትገዙት ሰዎች ኃላፊነቱን ብቻችሁን ትወስዳላችሁ።

ምልክቱ ድምፅ ነው። ሌሊቱን ያደረ ሞተር ጠዋት ሲነሳ ለሁለትና ለሦስት ሴኮንድ ሰንሰለት በቆርቆሮ ውስጥ እንደሚንቋቋ ያለ ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያ ይጠፋል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ግን ምንም ላይሰማ ይችላል። የጋሼን ታሪክ አሁን አስታውሱ። መካኒኩ በሞተሩ ታችኛ ሽፋን ላይ ባለች ትንሽ ቀዳዳ አሮጌው ዕቃ ይሁን አዲሱ አጮልቆ ማየት ይችላል። የካቴናውንም መርዘም በኮምፒውተር ይለካዋል። አዲሱ ከተገጠመና ደረሰኙ ካለ መኪናዋ ከሌላው የበለጠ ዋጋ ይገባታል፤ አትከራከሩ።

ሰባተኛው ትውልድ (እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2021)

አቅም ካለ እኛ የምንመርጠው ይህንን ነው። በ210 ፈረስ ጉልበት ጀምሮ እስከ 228 ደርሷል። ካቴናውም በጣም ተሻሽሏል። የታወቀው ድካሙ ፕላስቲክ የሆነው የውሃ ፓምፕና ቴርሞስታት ቤት ነው፤ ስንጥቅ ያወጣና የራዲያተር ውሃ ያንጠባጥባል። ይህ ችግር በስድስተኛውም ላይ አለ። ኮፈኑን ከፍታችሁ ውሃው ከመስመሩ በታች መሆኑን፣ በሞተሩም ጎን ሮዝ መልክ ያለው የደረቀ ነጠብጣብ መኖሩን ተመልከቱ። ጣሪያዋ የሚከፈት ከሆነ ደግሞ የጣሪያውን ጨርቅና የወለሉን ምንጣፍ ዳስሱ፤ የውሃ መውረጃው ሲደፈን ዝናቡ ወደ ውስጥ ይገባል።

በሦስቱም ላይ የሚታይ

ነዳጁ በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ ስለሚረጭ የመግቢያ ቫልቮቹን የሚያጥባቸው የለም። ስለዚህ ጥላሸት ይጋገርባቸዋል። ጠዋት ስትነሳ የምትንቀጠቀጥ፣ ጉልበት ያነሳት መኪና ይህ ሊሆንባት ይችላል። የተፈጨ የዋልነት ቅርፊት በአየር ግፊት እየተረጨ ይጠረጋል፤ ሥራው መቶዎች ዶላር ይፈጃል እንጂ መኪና አይገድልም። የማቀጣጠያ ቦቢናዎቹም ይሞታሉ፤ እነሱ ቀላል ናቸው።

ከባዱ ካምቢዮው ነው። "ዲ ኤስ ጂ" የሚባለው ባለ ሁለት ፍሪሲዮን አውቶማቲክ ሲሠራ ደስ ይላል። ባለ ስድስት ማርሹ ግን በየ40,000 ማይሉ ዘይቱና ፊልትሮው መቀየር አለበት። ብዙ ሁለተኛና ሦስተኛ ባለቤት ይህን አያደርግም። ከመብራት ስትነሳ የምትርገፈገፍ፣ ወደ ኋላ ስትገባ የምታመነታ፣ በክሩስኮቱ ላይ የማርሽ ፊደሎቹ ብልጭ ድርግም የሚሉባት ከሆነች ተዉአት። ጥገናው ከአሮጌ መኪና ዋጋ ጋር ይወዳደራል። በእጅ ማርሽ ያላት ከሆነች በሦስተኛና በአራተኛ ማርሽ አጥብቃችሁ ርገጡ፤ ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ አልቋል።

"ቺፕ" የተደረገችውን ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ አድርጉባት። የሞተሩን ኮምፒውተር ቀይረው፣ ማርሚታውን አስፍተው ጉልበት የጨመሩላት መኪና ለወጣት ዓይን ትማርካለች። ቱርቦው፣ ፍሪሲዮኑና ካምቢዮው ግን ለዚያ ጉልበት አልተሠሩም። ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ ተነቅሎ ከሆነ ደግሞ የጭስ ምርመራ አታልፍም።

ስትሄዱ

አንደኛ፣ ሞተሩን ቀዝቅዞ እዩት። ለሻጩ አስቀድማችሁ "እስክንመጣ አታስነሳት" በሉት። ስትደርሱ እጃችሁን ኮፈኑ ላይ አኑሩ። ሞቆ ካገኛችሁት አመስግናችሁ ውጡ፣ በማግስቱ ጠዋት ተመለሱ። ይህን አንዱን ምክር ብቻ ብትይዙ የዛሬው ጽሑፋችን ዋጋውን አገኘ።

ሁለተኛ፣ በጥቂት ዶላር የምትሸጠዋን የኮምፒውተር ማንበቢያ ይዛችሁ ሂዱ። አሜሪካ ውስጥ ከ1996 ወዲህ የተሸጠ መኪና ሁሉ መሰኪያው አለው። "ቼክ ኤንጂን" መብራት አለመብራቱ ብቻ አያሳምናችሁ፤ ሻጩ ጠዋት አጥፍቶት ሊሆን ይችላል። ስህተቱ ሲጠፋ የመኪናዋ የራስ ምርመራዎችም ይሰረዛሉ። ማንበቢያው "አልተጠናቀቀም" የሚል ካበዛ አንድ ሰው ሰሞኑን አጥፍቶታል ወይም ባትሪ ነቅሏል ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ አሥራ ሰባቱን የሻሲ ፊደልና ቁጥር ጻፉ። በእሱ በመንግሥቱ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ገጽ ላይ ያልተሠራ ሪኮል መኖሩን በነፃ ታያላችሁ፤ ሪኮል ደግሞ በዲለር ያለ ክፍያ ይሠራል። የታሪክ ሪፖርቱንም አውጡ፤ "ሳልቬጅ" ወይም "ሪቢልት" የሚል ታይትል ይታያል። በ2005ቱ ካትሪና፣ በ2012ቱ ሳንዲ፣ በ2017ቱ ሃርቪ፣ በ2022ቱ ኢያን ጎርፍ ውስጥ የዋኙ መኪኖች ታጥበው በሌላ ስቴት ተሸጠዋል። ሪፖርቱ ንጹሕ ቢሆንም የወንበሩን ሐዲድ ዝገትና የምንጣፉን ሽታ ራሳችሁ መርምሩ።

አራተኛ፣ ሻጩ የማያውቀው መካኒክ ያንሳት። ጥቂት መቶ ዶላር ከፍሎ "አትግዛት" የሚል መልስ ማግኘት ኪሳራ አይደለም። ሻጩ ለመካኒክ አላሳይም ካለ ነገሩ አልቋል።

ፊርማው

ለባልንጀራ ወይም ለዘመድ መፈረም "መመስከር" የሚመስለን ብዙዎች ነን። በአሜሪካ ሕግ ግን አብሮ የፈረመ ሰው የዕዳው ሙሉ ባለቤት ነው። አበዳሪው ከዋናው ተበዳሪ ሳይጀምር በቀጥታ ወደ እናንተ ሊመጣ ይችላል። ይህን የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ከመፈረማችሁ በፊት ሊሰጣችሁ ሕጉ ያዛል። ከተቆለሉት ወረቀቶች አንዱ እሱ ነው፤ አንብቡት።

ዲለሩ በመስኮቷ ላይ የሚለጥፈውንም ወረቀት አንብቡ። "አዝ ኢዝ" የሚለው ምልክት ከተደረገበት፣ አንዳንድ ስቴቶች ገደብ ቢያደርጉበትም፣ ትርጉሙ "ከበሩ ከወጣች የራስህ ጉድ ነው" ማለት ነው። "በሦስት ቀን ውስጥ መመለስ ይቻላል" የሚለው በየካፌው የሚነገረው ነገር ደግሞ በፌዴራሉ ሕግ ከዲለር ለተገዛ መኪና የለም። ኢንሹራንሱንም ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ፤ ከሃያ አምስት ዓመት በታች ላለ ነጂ የቱርቦ መኪና ክፍያ ሊያስደነግጥ ይችላል።

በአውሮፓ ያላችሁ ከእኛ ትሻላላችሁ። እንግሊዝ ያላችሁ የመኪናዋን የኤም ኦ ቲ ምርመራ ታሪክ በሰሌዳ ቁጥሯ በነፃ ታያላችሁ። ጀርመን ያላችሁ ደግሞ ከነጋዴ ስትገዙ ለአሮጌ መኪናም የሕግ ዋስትና አላችሁ፤ ከግለሰብ ስትገዙ ግን ውሉ ሊያስቀረው ይችላል። "ስታረጅ ወደ አገር ቤት እልካታለሁ" ለሚሉም አንድ ቃል፦ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2020 በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ኤክሳይዝ ታክስ ጥላለች፤ በ2024 ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክላለች። ያ ሒሳብ አይሠራም።

ወጣቶቻችንን መኪና አትውደዱ አንልም። ሌሊት ሠርቶ ያደረ ልጅ በላቡ ያማረ ነገር ቢገዛ ደስ ይለናል። የምንለው፣ ሞተሩም ይቀዝቅዝ፣ የእናንተም ልብ ይቀዝቅዝ። ቅዳሜ ዓይታችሁ ከወደዳችኋት እሁድን ተኙበት። ሌላ ሰው ቢቀድማችሁም ጎልፍ በዓለም ላይ አንዲት ብቻ አይደለችም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ጋሼ ግን ያፈሰሱት የራሳቸውን አልነበረም፣ እየለቀሙ ያሉት ግን እሳቸው ናቸው።

ቸር ይግጠመን።